የደወሏ ድምፅና ሦስቱ ሣጥኖች

በዚያ ትምህርት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረችውን ሴት በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ተማሪዎቹም፣ መምህራኑም፣ ኋላ ኋላ ዳይሬክተሩ ራሱ ሳይቀር «ደወሏ» ነበር የሚሏት። ቅጽል ስሙ የወጣላት የትምህርት ቤቱ የኤሌክትሪክ ደወል ተቃጥሎ ሁለት ወር ሙሉ ሳይጠገን በቆየበት ዓመት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ብቅ ትልና አንዴ ብቻ «እረፍት» ትላለች፤ ሜዳው ወዲያው በልጆች ይሞላል። ደወሉ ተሠርቶ የመጣ ቀን አንዳንድ መምህራን የእሷ ይሻል ነበር እያሉ አጉረመረሙ።

እሷ ግን ስለ ድምፅዋ አንድም ቀን አስባ አታውቅም ነበር። ሰው ስለ ጉልበቱ የሚያስበው ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ነው፤ እሷም እንደዚያው። ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላት አንገቷ ላይ ያበጠው ነገር በቀዶ ሕክምና ወጣላት። እብጠቱ ክፉ ሆኖ አልተገኘም፣ ቤተሰቡም እፎይ አለ። ነገር ግን ወደ ድምፅ አውታሯ የሚሄደው ቀጭን ነርቭ ተጎድቶ ኖሯል። ከሰመመኑ ነቅታ «ውኃ» ስትል ከአፏ የወጣው ቃል ሳይሆን ትንፋሽ ነበር። ወራት አለፉ፤ የታዘዘላትን ልምምድ ሳታጓድል ሠራች፤ ድምፁም ትንሽ ተሻለው። ያም ሆኖ ከአንድ ክንድ በላይ የማይሻገር፣ ስስ፣ የቃል መጨረሻ ላይ ሰንጠቅ የሚል ድምፅ ሆኖ ቀረ። በዚህ ድምፅ አርባ አምስት ተማሪ ፊት መቆም የማይታሰብ ስለሆነ ጡረታዋን ቀድማ ወጣች።

ቤት ስትገባ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃት። ባሏ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ከሞተር ሥር ጭንቅላቱን ሲያስገባ ሲያስወጣ ጆሮው ደንዝዟል። በፊት የእሷ ድምፅ ለእሱ ጆሮ ልክ ስለነበር ችግሩ ማንም ሳያውቅበት ኖረ። አሁን እሷ ትናገራለች፣ እሱ «ምን አልሽ?» ይላል፤ ትደግማለች፣ «ምን አልሽ?» ይላል። በመጨረሻ ከትምህርት ቤት በስጦታ የተሸኘችበትን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ወጥ ቤት ውስጥ ሰቀለችና የምትለውን በጠመኔ ትጽፍለት ጀመር። እሱ መልሱን በአፉ፣ ያውም እየጮኸ ይሰጣል። ጎረቤቶቻቸው ታዲያ የጨዋታውን ግማሽ ብቻ ነበር የሚሰሙት፦ «ጨው የት ነው?... እሺ... የትኛው መደርደሪያ?... አገኘሁት... ኧረ ይኼ ስኳር ነው»። ባልና ሚስቱ በዚህ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ከቤት ውጭ ግን ሳቅ አልነበረም። ሱቅ ስትገባ በጣቷ ታመለክታለች። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ማለት ስለሚከብዳት ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቃ፣ ካሰበችበት አልፋ በእግሯ ትመለሳለች። የድሮ ተማሪ መንገድ ላይ ሲያገኛት ፈገግ ብላ ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አራት ዓመት ሞላት።

ከዚህ ያወጣቻት ልጇ ናት። ልጇ ፋርማሲስት ስትሆን፣ አንድ ቀን የምትሠራበት መድኃኒት ቤት በር ላይ የማየት ችግር ያለባቸው ሰዎች ማኅበር ማስታወቂያ ተለጠፈ። የማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን በድምፅ የሚቀዱለት በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ይፈልግ ነበር። ልጅቱ ማታ መጥታ ነገሩን ስትነግራት ደወሏ ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደችና «ዲዳ አንባቢ ይፈልጋሉ ይላል?» ብላ ጻፈች።

ልጇ ጠመኔውን ከእጇ ተቀበለቻት። «እማዬ፣ የሚጮህ አላሉም። የሚያነብ ነው ያሉት» አለቻት።

ማኅበሩ ያለው ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ፣ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። መቅጃ ክፍሉ ቀድሞ የወረቀት መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ላይ አሮጌ ብርድ ልብሶች ተሰቅለዋል፣ በሩ ላይ ፍራሽ ተለጥፏል፤ ጠረጴዛው ላይ መብራት፣ አንድ ወንበር፣ በታጣፊ ክንድ ላይ የቆመ ማይክ። ክፍሉን የሚይዘው የድምፅ ቴክኒሺያን አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሰውዬ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ሁሉም «ሽቦ» ይለዋል፣ እሱም አይከፋውም። ሽቦ ስለ ሰው ብዙ አያወራም፤ ስለ ድምፅ ከጀመረ ግን የሚያስቆመው የለም። መጀመሪያ ያስተማራት የማቀዝቀዣውን ሕግ ነበር። ከጎን ያለው የሠራተኞች ማቀዝቀዣ ሲንቀጠቀጥ ግድግዳውን አልፎ ስለሚሰማ፣ ቀረጻ ሲጀመር ከሶኬት ይነቀላል። አንባቢው መልሶ መሰካቱን እንዳይረሳ ደግሞ የቤቱን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጦ ይገባል። «ማንም ሰው ቁልፉን ሳይዝ ቤቱ አይሄድም» አላት፣ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት ሳይታይ። እሷ ግን ሣቀች፤ ቁልፏንም ከአንድ የወተት ጠርሙስ አጠገብ አስቀመጠች።

የተሰጣት መጽሐፍ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ያለው፣ መርከብ ላይ የተቀጠረች የአንዲት ነርስ ታሪክ ነበር። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበበች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተናገረች ሰው ናትና የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የት ዝም እንደሚባል ማንም አላስተማራትም። ስትጨርስ ላብ በላብ ሆና ነበር፤ ደስታ ግን ፊቷን አብርቶት ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። ደዋይዋ የማኅበሩ ነባር አባል፣ አዲስ ቅጂ ሁሉ ቀድሞ የሚሰጣት አድማጭ ነበረች። በልጅነቷ ዓይኗን ያጣችው ይህች ሴት ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ ስታገናኝ ስለኖረች ስሟ «ሴንትራል» ሆኖ ቀርቷል። አነጋገሯ የተስተካከለ፣ ትሕትናዋም የስልክ ቤት ትሕትና ነበር። አነባበቡን አድንቃ፣ ነርሷ እንዴት ያለች ሴት እንደሆነች በአንድ ምዕራፍ እንደታወቃት ተናግራ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሲያነቡ ዝናብ ይዘንብ ነበር እንዴ?»

ደወሏ ፀሐይ እንደነበር መለሰችላት።

«እንግዲያው የሚዘንበው እኔ ጋ ነው» አለች ሴንትራል። «ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ድረስ ሽ... ይላል። ነርሷ መርከቡ ላይ ስለሆነች መጀመሪያ ባሕሩ መስሎኝ ነበር። ግን ወደብ ላይ እያለችም ይዘንባል።»

ደወሏ አመስግና ስልኩን ዘጋችና ቁጭ አለች። ነገሩ አልጠፋትም። ያ ሽሽታ ከጉሮሮዋ የሚያመልጥ ትንፋሽ ነው፤ የተበላሸው አውታር ነው፤ ማይኩ ጉዷን አወጣው። በማግሥቱ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። ለሽቦ የምትለውን መንገዱን ሙሉ ስታጠና ነበር የደረሰችው፦ ይቅርታ፣ ሌላ ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ይፈልጉ።

ሽቦ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ መጽሐፉን ሳይቀበላት የክፍሉን በር ከፈተና እንድትቀመጥ ጠየቃት። «እትዬ፣ አሁን ምንም አያንብቡ። አፍዎን ይዝጉ። እጄን ሳነሣ ትንፋሽዎንም ይያዙልኝ» አላት። እጁን አነሣ፤ ትንፋሿን ያዘች፤ ሃያ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ለቀቃት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጎ የቀዳውን ዝምታ አሰማት።

ዝናቡ አለ። ሴንትራል በስልክ የነገረቻት ያው ሽሽታ፣ ማንም ሳይተነፍስ፣ ማንም ሳይናገር፣ ክፍሉን ሞልቶታል።

«ይኼ ማነው?» አለችው።

«ሣጥኗ ናት» አለ ሽቦ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለችውን የሳሙና መያዣ የምታክል ጥቁር ዕቃ እያሳያት።

ከዚያ አፉ ተፈታ። ማይክ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፤ የሚሰጠው ግን ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ እንዲቀበለው መጀመሪያ አንድ ሣጥን ያንን ፀጉር ገመድ ማድረግ አለበት፤ ሣጥኑ ፕሪአምፕ ይባላል። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ሲመጣ የሣጥኑ ቁልፍ ግማሽ ድረስ ቢዞር ይበቃል። የእሷ ድምፅ ዝግ ያለ ስለሆነ ግን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞታል። ርካሽ ሣጥን እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ከሰውየው ድምፅ ጋር የራሱን ጉምጉምታ አብሮ ያሳድጋል። እሷም የኬሚስትሪ መምህርነቷ ተነሥቶባት ጥያቄ ታዥጎደጉድ ጀመር። ማይኩን በሌላ መቀየር አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ አላት፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የበለጠ ንቁ ማይክ አለ፤ ግን እሱ ጎማ ቤቱንም፣ ጣሪያ ላይ ያሉትን እርግቦችም ሰምቶ ይቀዳል። ይኼኛው አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከራቁት አይሰማም፤ ለዚህ ክፍል የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

«ባሌም እንዲሁ ነው» አለችው። ሽቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ።

በሳምንቱ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሣጥኖች ተሰለፉ። አንደኛዋ ጢኒጧ ጥቁሯ ነች። ሁለተኛው ሽቦ ከአንድ የሙዚቃ ዕቃ ሻጭ ጓደኛው ለሙከራ የተዋሰው አዲስ ግራጫ ሣጥን ነው። ሦስተኛውን በሁለት እጁ አቅፎ ከቤቱ አመጣው፤ ልጅ ሳለ የሠራበት የራዲዮ ስቱዲዮ ሲፈርስ ከፍርስራሽ አውጥቶ፣ በጥርስ ብሩሽ አጽድቶ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ቀይሮ ያስነሣው፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ አሮጌ ብረት ነበር። «ውስጡ ትልልቅ ትራንስፎርመር አለ» አላት። ድምፅ በዚያ ብረት ውስጥ ሲያልፍ ታቹ ይወፍራል፣ የሾሉት ነገሮች፣ ስ እና ሽ የመሳሰሉት፣ ጫፋቸው ይለዝባል። ግራጫው ግን ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም፤ የሰጡትን ያደርሳል።

መጀመሪያ በግራጫው አንድ ገጽ አነበበችና ሰማችው። ዝናቡ የለም። ዝናቡ ሲቆም ግን ከሥሩ የነበረው ሁሉ ወጣ፦ ምላሷ ከላንቃዋ ሲላቀቅ፣ ከንፈሯ ሲነካካ፣ ገጽ ስትገልጥ፣ የቃሉ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ሰንጠቅ ሲል። ማዳመጫውን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼ ሣጥን ሐሜተኛ ነው» አለችው። «የማይናገረው ነገር የለም።»

ከዚያ በብረቱ አነበበች። ሰማችው። እንደገና እንዲያሰማት በእጇ አሳየችው፤ እንደገናም፣ እንደገናም። ከማዳመጫው የሚወጣው ድምፅ ክብ፣ ሞላ ያለ፣ ደረት ያለው ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ሆስፒታል አልጋ ላይ ያጣቻት ሴት ራቅ ካለ ክፍል ሆና የምታነብ መሰላት። ሽቦም ፊቷን አይቶ በሆዱ ደስ አለው፤ ይህን ብረት ከፍርስራሽ ያወጣው ለእንዲህ ያለ ቀን ነበርና።

ቅጂውን በስልኳ ይዛ ቤት ሄደች። ባሏን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ማዳመጫውን በሁለት ጆሮው ከተተችና ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችለት። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። የወትሮው «ምን አልሽ?» አልመጣም። ሲጨርስ ለጎረቤት ሳይሰማ፣ በራሱ ልክ ዝቅ አድርጎ፣ «ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አላት። ሁለቱም ያንኑ ሲያስደግሙ የዚያን ዕለት ምሳ ሳይበሉ ዋሉ።

እንግዲህ ለእሷ ነገሩ አልቋል፤ ብረቱ ነው። ግን የቤተ መጻሕፍቱ ሥርዓት ሌላ ነው፤ የሚሰሙት ናቸው የሚመርጡት። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አድማጮቹ ተጠሩ። አራት መምጣት ነበረባቸው፤ አንደኛው ጉንፋን ይዞኛል፣ አፍንጫዬ ሲዘጋ ጆሮዬም ይዘጋል ብሎ ቀረ። የመጡት ሴንትራል፣ አንድ የሕግ ተማሪና እጁ ከሥራው የተነሣ እንደ ቆዳ የጠነከረ ወንበር ሠሪ ነበሩ። ባሏም በመኪና አድርሷት ስለነበር ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ደወሏ ያቺኑ አንድ ገጽ፣ ነርሷ ባሕር ላይ ያሳለፈችውን የመጀመሪያ ማለዳ፣ በሦስቱም ሣጥን አነበበች። ሽቦ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይናገር አሰማቸው።

ሦስቱም በአንድ አፍ ሦስተኛውን መረጡ። ሦስተኛው ብረቱ ነበር። ሽቦ ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ ገመዶቹ ጎንበስ አለ። ይሄኔ ሴንትራል ጣቷን አነሣች።

«ቆይ እስቲ። ሦስተኛው ከሌሎቹ ትንሽ ጮክ ብሏል። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት መስመር ሰጥቻለሁ፤ ሰው ጮክ ያለ መስመር ከሰጡት ጥሩ መስመር ነው ብሎ ያመሰግናል።»

ሽቦ የድምፅ መለኪያውን መርፌ ተመለከተና ጆሮው ቀላ። እውነቷን ነበር። ሦስቱንም እኩል አድርጎ አስተካክሎ እንደገና አሰማቸው። አሁን ደግሞ ሴንትራል ሌላ ነገር አመጣች፦ አንባቢዋ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አፏ ተሟሙቋል፣ የተሻለችው እሷ እንጂ ሣጥኑ ላይሆን ይችላል። ደወሏ እንደ ባለሙያ ይህን ነቀፋ ወደደችው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪዎቿን የምትቆጣው በዚሁ ነበር። ተመልሳ ገባችና ቅደም ተከተሉን እያቀያየረች አነበበች። ስድስተኛው ላይ ወንበር ሠሪው ገጹን በቃሉ ይዞ ከእሷ ጋር ያነበንብ ጀመር፤ ዘጠነኛው ላይ የሕግ ተማሪው ነርሷን ለማግባት እንደወሰነ ተናገረ።

ጢኒጧ ሣጥን ያለ ክርክር ወደቀች። የቀሩት ሁለት ናቸው። ወንበር ሠሪው ብረቱን መረጠ፤ እጁ ሥራ ላይ እያለ ጆሮውን የማይቆረቁረው፣ የሚደላው እሱ እንደሆነ ተናገረ። የሕግ ተማሪው ግን ድምፁን በእጥፍ ፍጥነት እንዲያደርጉለት ጠየቀ። እሱና ጓደኞቹ አንድ ሺህ ገጽ ለፈተና የሚያደርሱት እንደዚያ እያሮጡ በመስማት ነው። በእጥፍ ፍጥነት ሲሄድ የብረቱ ቃላት እንደ ረጠበ ወረቀት ይጣበቃሉ፤ የግራጫው ግን አንድ በአንድ እየተለዩ ይመጣሉ። አንድ ለአንድ ሆነ።

ሴንትራል ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማች። ደወሏ ፍራሽ የተለጠፈበት በር ላይ ቆማ ታያት ነበር።

«በሁለተኛው ድምፁ ያምራል» አለች ሴንትራል በመጨረሻ። «ግን ሴትዮዋ መጋረጃ ኋላ ነው ያለችው። በመጀመሪያው እዚሁ አጠገቤ ናት። ነርሷ ባሕሩን ስታይ አንባቢዋ ፈገግ ትላለች፣ ይሰማኛል። ሁለተኛው ላይ ያ ፈገግታ የለም።»

የመጀመሪያው ግራጫው ነበር። ደወሏ እዚያ ቦታ ላይ በእርግጥ ፈገግ ብላ ነበር፤ ዘጠኝ ጊዜ ስታነብ ዘጠኝ ጊዜ። ማንም አያየኝም ብላ ነበር።

ሽቦ ምርጫው ሁለት ለአንድ ቢሆንም አራት መቶ ገጽ ከሣጥኑ ጋር የምትቀመጠው ደወሏ ስለሆነች የመጨረሻውን ቃል ለእሷ እንደሚተው ተናገረ። ደወሏ ሁለቱን ሣጥኖች ተራ በተራ አየች። ብረቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ትፈልጋት ነበር፤ ለአራት ዓመት ናፍቃታለች። ግን ያቺ ሴት ሌላ ክፍል ውስጥ ናት። እዚህ የቆመችው፣ ሴንትራል ፈገግታዋን የሰማችላት፣ ይቺኛዋ ስስ ድምፅ ያላት ናት። ይህን ስታስብ ማዘን የሚገባት መስሏት ጠበቀች፤ ኀዘኑ ግን አልመጣም። እንዲያውም ደረቷ ቀለል አላት።

«ሐሜተኛው ይሁን» አለች።

«ሐሜተኛው የትኛው ነው?» አለች ሴንትራል። ሲነገራት ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥግ የተቀመጠው ባሏ አንድም ቃል አልሰማም። ሁሉም ሲሥቅ አይቶ፣ እንደ ጋራዥ ልማዱ፣ «ምን ተባለ?» አለ። ብረቱ ገና በርቶ ስለነበር የመለኪያው መርፌ ተወርውሮ ጠርዙን መታ። ሽቦ ወደ መርፌው አየ፣ ወደ ሰውየው አየ፣ የብረቱን ቁልፍ እስከ ታች ድረስ መለሰና «ጋሼ፣ እባክዎ ወደዚህ ወንበር ይምጡ» ብሎ በእጁ ጠራው።

ባሏ መጽሐፍ ማንበብ አይወድም፤ መነጽሬን ረሳሁ ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። ወንበር ሠሪው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት የኖረውን ጥያቄ ጮኾ ጠየቀው፦ መኪና ማርሽ ሲቀየር ውስጥ ምን ይሆናል? በቃ፣ ሰውየው ተነሣ። በእጁ የማይታዩ ጥርሶችን እያሽከረከረ ሃያ ደቂቃ አስረዳ። ያ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል፣ ጢኒጧ ሣጥን ላይ ቢሆን ጆሮ የሚበሳ ድምፅ፣ በብረቱ ሲያልፍ ጠርዙ ተሞርዶ፣ ሞቅ ያለና ደልደል ያለ የአባት ድምፅ ሆኖ ወጣ። የሕግ ተማሪው ራሱ አላፋጠነውም። ሽቦ ብረቱን እንደ ልጅ ጭንቅላት መታ መታ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ማኅበሩ ግራጫውን ገዛ። ሰኞና ረቡዕ ጠዋት የደወሏ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ የባሏ፣ በብረቱ። እሱ ስለ ሞተር፣ ስለ ፍሬን፣ ተራራ ላይ ስለተሰበረ መኪና አሥራ አንድ ክፍል ቀዳ፤ ካርቡራተሩን የሚያስረዳበት ክፍል ከነርሷ ታሪክ የበለጠ አድማጭ አገኘ። እሷ ይህን ሰሌዳው ላይ ጽፋ «ቀናሁ» የሚል ጨመረችበት። እሱ ለሦስት ቀን አላጠፋውም።

እሷም ከሐሜተኛው ጋር መኖር ተማረች። አፏ እንዳይንጣጣ ከማንበቧ በፊት አንድ ቁራጭ ፖም ትበላለች። ገጹን ከመግለጧ በፊት ዐረፍተ ነገሩን ትጨርሳለች። ዝግታዋ ደግሞ ሌላ አንባቢ የሌለው ሀብት ሆነ። ነርሷ ለታመመው መርከበኛ ጆሮው ሥር የምትነግረው ቦታ ላይ ሌሎች አንባቢዎች ያስመስላሉ፤ እሷ ግን በእርግጥ ትነግረዋለች፤ ከሥሩ ምንም ዝናብ የለም። መጽሐፉ በሦስት ወር አለቀ። አንድ አድማጭ የመጨረሻው ምዕራፍ እንዳያልቅበት ለአንድ ሳምንት እንዳልነካው መልእክት ላከላት።

ሰው መሃል መናገርም ጀመረች። ሱቅ ገብታ በጣቷ በማመልከት ፋንታ ለባለሱቁ «ጠጋ በል፣ ዝግ ብዬ ነው የምናገረው» ትለዋለች፤ እሱም ጠጋ ይላል። ለካ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ኖሯል። ታክሲ ውስጥ ግን ችግሩ እስካሁን አልተፈታም፤ አሁን አጠገቧ ያለውን ሰው «ወራጅ በልልኝ» ትለዋለች፣ እምቢ ያላትም የለም።

ሴንትራልና እሷ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይደዋወላሉ፤ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ከሆነ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት ደወሏ ከሰባተኛው መጽሐፍ እስከ ገጽ መቶ አርባ ሁለት ያለውን ልካላት ነበር፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷን ለመሸጥ ከምትወስንበት። ሴንትራል ጠዋት ደውላ ገጽ ዘጠና ላይ ሳል እንደሰማች ነገረቻት። ደወሏ ደንግጣ፣ ረቡዕ ስትገባ ያንን ገጽ እንደገና እንደምታነበው ቃል ገባች።

«ተዪው» አለቻት ሴንትራል። «ሴትዮዋ የባሏን ኮት ከቁም ሣጥን የምታወጣበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ እኔንም አስሎኝ ነበር።»

ደወሏ አሰበችበትና ተወችው። ረቡዕ ቁልፏን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጠች፣ ፖሟን በላች፣ ወደ ገጽ መቶ አርባ ሦስት ገባች።